የኖራ ድንጋይ ኮርስ፦ ስምንት ቀን በኬንያዋ ሞያሌ

ኬንያ ደርሻለሁ ስል ሰው ሁሉ አንበሳና ዝሆን እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ ያየሁት አንድ አዳራሽ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ የከብት ጉድጓድና ጋሽ ታደሰ ቤት የተነጠፈልኝን ፍራሽ ነው። ቢሆንም የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው ጠይቀውኛል፤ በየእረፍት ሰዓቱ በቁራጭ በቁራጭ ከማወራ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል። ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ግማሹ ያኔም አልገባኝም፤ አሁንም በደንብ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም።

ሥራዬ ሀዋሳ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። ሃያ ዓመት በቀይ እስክሪብቶ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬያለሁ፤ ጠባይህን ያበላሸው ይኸው ነው ትለኛለች ባለቤቴ። በትርፍ ጊዜዬ ከእንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። አንድ ወዳጄ ጥብቅ በሆነ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ እንዴት እንደሚጠናቀቅ የሚያስረዳ የሥልጠና ደብተር አመጣልኝ። ከሞያሌ በስተምሥራቅ፣ የሁለት ቀን የመኪና መንገድ ርቆ፣ ነዳጅ የሚፈልግ አንድ ድርጅት ሠራተኛ ሊቀጥር ነበር። ተፈታኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በደርግ መውደቅ ጊዜ ተሰደው ኬንያዋ ሞያሌ የቀሩ የእኛ ሰዎች፣ የቀድሞ ጦር መካኒኮች። ማሽን ያውቃሉ፤ እንግሊዝኛ ይቸግራቸዋል። ደብተሩን ተርጉሜ፣ ሄጄም ላስተረጉም ተስማማሁ።

ግራ መጋባት የጀመርኩት ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ደህና። በብረት ቧንቧ ያለብሱታል፣ በቧንቧውና በድንጋዩ መካከልም ሲሚንቶ ይሞላሉ፤ ይሁን። ከዚያ ያንኑ የደፈኑትን ቧንቧና ሲሚንቶ መልሰው ይበሱታል። መብሳታቸው ካልቀረ ለምን ደፈኑት? ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚለው ያንኑ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ከሀዋሳ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ዲላ ሳንደርስ አንድ ጎማ ፈነዳ፤ ሀገረ ማርያም ጥብስ በልተን ስንነሳ ሌላው ፈነዳ። ሹፌሩ መለዋወጫ የያዘው አንድ ብቻ ስለነበር ሁለተኛውን ለማስጠገን ሦስት ሰዓት ቆምን። ከጎኔ የተቀመጠች ሞያሌ የምትነግድ ሴት ያንን ሁሉ ሰዓት ሳትነጫነጭ ሹራብ ስትሠራ ቆየች። እኔ ስነጫነጭ ቆየሁ።

በዚህ ምክንያት ሞያሌ መድረስ ቀርቶ ያቤሎ አደርን። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ቧንቧው ግን ፉጨት ብቻ ነበር የሚያወጣው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት እግሬን ሳላጥብ ልተኛ መሆኔን ሲያዩ ከራሳቸው ጓዳ አንድ ጆግ ውሃ አምጥተው ሰጡኝ። እኛ ሀዋሳዎች ሐይቅ አጠገብ ተቀምጠን ውሃ ጠፋ ብለን እናማርራለን። እዚያ ሰው ውሃ ሲሰጥህ ሁለት እጁን ተጠቅሞ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ሜጋን አልፈን ረፋድ ላይ ሞያሌ ገባን። ከተማዋ አንድ ናት፤ መንግሥቷ ሁለት። በእኛ በኩል አስፋልቱ ቁልቁል ይወርድና ኬላው ላይ ልክ በቢላ እንደተቆረጠ ያልቃል፤ ከዚያ ቀይ አቧራ ነው። ኬንያ እንደገባሁ መንገድ ለመሻገር ወደ ግራ አየሁ፤ አንድ ላንድሮቨር በቀኝ መጥቶ ሸሚዜን ጠርጎ አለፈ። እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ።

ጋሽ ታደሰ ስሜን በካርቶን ላይ ጽፎ ይጠብቀኝ ነበር። ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው፤ በወታደርነቱ ጊዜ የታንክ መካኒክ ነበር። እሱም ከተፈታኞቹ አንዱ ነው፤ ግን ሆቴል አያስፈልግም፣ እንግዳው እኔ ቤት ነው የሚያድረው ብሎ አስቀድሞ ወስኗል። ቤቱ ሄሉ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ጀርባ ነው። ባለቤቱ ቃባሌ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ቦረና ናት፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታስተናግዳለች።

«ካሪቡ፣ ግባ፣ ግባ። ቻይ ጠጣ፣ ከዚያ ኛዱ፣ ብላ» አለችኝ። ቻይ የሚሉት ከወተት ጋር የተፈላ ሻይ ነው፤ የእኛን ሻይ የለመደ ሰው አፍ ሲገባ ሾርባ ይመስላል። ሩዝ በፍየል ሥጋና ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ቀረበ። ሳህኔ ባዶ በሆነ ቁጥር እየሞላች አስቸገረችኝ፤ በቃኝ ማለት እዚያ ቤት ጨርሶ አይሠራም።

ከምግቡ በኋላ ጋሽ ታደሰ ነገሩን ነገረኝ። ሣራ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ሜሩ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ናት። ከሁለት ወር በፊት የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ቃባሌ ወር ሙሉ አስታማ ከተመለሰች ሳምንቷ ነው። እሱ ግን አልሄደም። የስደተኛ ወረቀቱ ጊዜው አልፏል፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ የመጀመሪያው የፖሊስ ኬላ ላይ ከጭነት መኪና አውርደው መልሰውታል።

«ፈተናውን ያለፈ ሰው ለጤና ምርመራ ሜሩ ይላካል» አለኝ። «ማኅተም ያለው ካራታሲ ይሰጡታል፣ ወረቀት። ኬላውም ያሳልፈዋል። ካዚው፣ ሥራው፣ ቢገኝ ጥሩ ነው መምህር። እኔ የምፈልገው ግን ያንን ወረቀት ነው።»

አጥብቄ አስጠናሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም።

ሦስተኛው ቀን

ትምህርቱ በሁለት ሰዓት ይጀመራል የሚል ወረቀት ማታውኑ ደርሶን ነበር። ጠዋት ጋሽ ታደሰ ተነሥቶ ለብሶ ጠበቀኝ። እኔ ግን ወረቀቱን አየሁና የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ የፈረንጅ ሁለት ሰዓት ነው፣ በእኛ ስምንት ይሆናል ብዬ አስረዳሁት።

«እዚህ ስዋሂሊም እንደኛ ነው የሚቆጥረው» አለ ቀስ ብሎ።

«የሚያስተምራችሁ ኢንጂነር የናይሮቢ ሰው ነው፤ ግድ የለህም፣ ተቀመጥ» አልኩት። ሸሚዙን እንደቆለፈ ተቀመጠ።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ አንድ ተፈታኝ እየሮጠ መጣ። ለካ ኢንጂነሩ፣ ኢትዮጵያውያን እንዳይሳሳቱ ብሎ ሰዓቱን አስቀድሞ ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጦት ኖሯል፤ እኔ የተለወጠውን እንደገና ለወጥኩት። አዳራሹ ስንደርስ የተቀመጡት አሥሩ ሰዎች ዞረው አዩን። ኢንጂነር ኦዱር ረጅም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነው፤ አልተቆጣም፣ ግን ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ጋሽ ታደሰ ጥፋቱ የመምህሩ ነው አላለም። ስሙ ብቻውን ተጻፈ።

የዚያን ቀን የቧንቧውን ነገር ጠየቅሁ፤ ለተፈታኞቹ ብዬ ሳይሆን ለራሴ። ኢንጂነሩ ሳቀ። «በር የሚከፈተው ግድግዳ ከተሠራ በኋላ ነው» አለ። «ከላይ ውሃ አለ፣ ከታች ሌላ ድንጋይ አለ። ሁሉንም ዘግቼ የምፈልገው ቦታ ላይ ብቻ እከፍታለሁ።» የሚከፍተው ጠመንጃ በሚሉት መሣሪያ ነው፤ ፈንጂ የተጠቀጠቀበት ረጅም ብረት በገመድ ወርዶ ቧንቧውንና ሲሚንቶውን በስቶ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። ይህን ስተረጉም አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ከጠመንጃ ሸሽተን እዚህ መጥተን፣ ጉድጓድ ውስጥ ይጠብቀናል» አለ።

ከዚያ አንድ ግራጫ የድንጋይ ቁራጭ በእጅ በእጅ አዞረ። ነዳጁ ያለው እንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ነው አለ። አገላብጬ አየሁት፤ ድንጋይ ነው። ውሃ ጠብ አደረገበት፤ ጠብታው ብርጭቆ ላይ እንዳረፈ ቁጭ አለ እንጂ አልሰረገም። ጥቃቅን ክፍሎች አሉት፣ ግን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግር በር የለውም፣ ጥብቅ የሚባለው ለዚህ ነው ሲለን ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ የነቀነቅሁት እንደገባኝ ሰው ነው።

አራተኛው ቀን

ይህ የእኔ ቀን ነበር፤ ትምህርቱ ስለ አሲድ ነው። ኢንጂነሩ ድንጋዩ ላይ አሲድ ጠብ ሲያደርግ ሺ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ሳልጠየቅ ተነሥቼ ሰሌዳው ላይ ቀመሩን ጻፍኩ። ተፈታኞቹ «ምዋሊሙ፣ ምዋሊሙ» እያሉ አጨበጨቡልኝ፤ በስዋሂሊ አስተማሪ ማለት ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ሳልወፍር አልቀረሁም።

ኢንጂነሩ ግን የቀመሩ ነገር ገና መጀመሪያው ነው አለ። አሲዱ የኖራ ድንጋይን ቶሎ ይበላል፤ ከመጠን በላይ ቶሎ ስለሚበላ አፉ ላይ ያልቅና ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ ሆነ ብለው ያወፍሩታል ወይም ናፍጣ ይቀላቅሉበታል፤ ቀስ ብሎ እየበላ ሩቅ እንዲሄድ። ጉልበቱን ቀንሰህ ሩቅ የምትልከው ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው? ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ምግባር ያለው አሲድ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከምሳ በኋላ ኢንጂነር ኦዱር ሆዱን አመመው። የቀረውን ምዕራፍ ከአማርኛው ደብተር አንብብላቸው ብሎኝ ሊተኛ ሄደ። ምዕራፉ ስለ ኳሶቹ ነው። የጎማ ኳሶች ናቸው፣ ትልቅ ብይ የሚያህሉ፤ ከአሲዱ ጋር ተገፍተው ይወርዱና ከተበሱት ቀዳዳዎች ጥቂቶቹን ይደፍናሉ። የትኞቹን? የእንግሊዝኛው ደብተር አሲዱን ብዙ የሚጠጡትን ይላል። ሀዋሳ ሳለሁ እዚህ ላይ ስደርስ ጸሐፊው ቸኩሎ ነው፣ መቼም ደህና የሚጠጣ ቀዳዳ አይደፈንም ብዬ በአማርኛው አቅንቼዋለሁ። ስለዚህ ጮክ ብዬ፣ ኳሶቹ የማይጠጡትን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ ብዬ አነበብኩ።

ጋሽ ታደሰ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የሚጠጣውን ክፍቱን እንተወዋለን?»

«እንዴታ» አልኩት።

ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ አንዴ መልሶ አንብቦ ብዕሩን ዘጋ።

አምስተኛው ቀን

እሑድ ነው። የቃባሌ ወንድም ከብቶቹን የሚያጠጣበት ጉድጓድ ቦሪ በምትባል መንደር ስለሆነ በጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። ኤላ ነው የሚሉት፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ በዜማ ያወጡታል። እኛ አገር ከብት ወንዝ ዳር ተነድቶ እንደፈለገ ይጠጣል። እዚህ ግን ገንዳው አጠገብ በትር የያዘ አንድ ሰው አለ፤ ያጠጣጡን ተራ የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ያላለውን ከብት ማንም አያስጠጋም።

አንድ ትከሻው ሰፊ በሬ ገንዳውን ይዞ ሲጠጣ ሰውየው በበትሩ አፍንጫውን መታ አድርጎ መለሰው። ከኋላ የቆሙ ሁለት የከሱ ላሞች ተጠጉ። በሬው ገና አልጠገበም ነበር፤ አሳዘነኝ፤ እንዲያውም ይህ በደል ነው ብዬ ለጋሽ ታደሰ ተናገርኩ።

«በሬው ካልተከለከለ እነሱ መቼ ይደርሳቸዋል?» አለ። «ውሃው ሁልጊዜ ጉልበት ወዳለው ነው የሚሄደው። ትንሽ ታስቆመዋለህ፤ ሌሎቹ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ትለቀዋለህ። ይህን ያስተማረኝ አማቴ ነው፣ እዚህች ገንዳ ላይ።»

ማስታወሻዬ ላይ ስለ ዜማው ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ በሬው የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። ስንመለስ መኪናው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ሁላችን ወርደን ገፋን፤ አዲሱ ጫማዬ አፉን ከፈተ፤ ቃባሌም ቤት ስንገባ ሳትነግረኝ ወስዳ አሰፋችልኝ።

ስድስተኛው ቀን

ፈተናው በቃል ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ይገባል፤ ከአንድ ቆርቆሮ ጥያቄ ያወጣል፤ ኢንጂነሩ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ እኔ ወደ አማርኛ፣ መልሱንም ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። የማለፊያውን ነጥብ የሚሰጠው በአብዛኛው ይህች አንዷ ጥያቄ ናት።

ጋሽ ታደሰ አምስተኛ ገባ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጢሙን ተላጭቷል። ያወጣት ጥያቄ እንዲህ ትላለች፦ ከሃያ ቀዳዳዎች ሦስቱ ብቻ አሲዱን ይጠጣሉ፤ አሥራ ሰባቱ አይጠጡም፤ ምን ታደርጋለህ?

ሳያመነታ «ኳሶቹን ከአሲዱ ጋር እልካለሁ። የሚጠጡትን ሦስቱን ይደፍኗቸዋል፣ ለጊዜው» አለ። «ያን ጊዜ አሲዱ በግዱ ወደማይጠጡት ይሄዳል። ገንዳ ላይ እንደምናደርገው ነው።»

ምስኪን፣ ከብትና ነዳጅ ተደበላለቀበት፣ በፍርሃት ገልብጦ ተናገረው ብዬ አዘንኩ። ሜሩ ያለችው ልጅ ትዝ አለችኝ፤ የተሞላልኝ ሳህን ሁሉ ትዝ አለኝ። ወደ ኢንጂነሩ ዞሬም ረጋ ባለ ድምፅ፣ የማይጠጡትን አሥራ ሰባቱን በኳስ ደፍኖ ለሦስቱ ብቻ እንደሚለቅ ይናገራል አልኩ። ስለ ገንዳው ያለውን ጨርሶ ተውኩት።

ኢንጂነሩ ጻፈ። ጋሽ ታደሰ ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ለኢንጂነሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። አስተያየቱ የምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሰባተኛው ቀን

ጠዋት የስምንት ሰዎች ስም በሩ ላይ ተለጠፈ። የጋሽ ታደሰ የለበትም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። እሱ አንድ ጊዜ አይቶ «ሳዋ፣ ደህና» አለና ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄደ።

ኢንጂነሩን ቻይ ሲጠጣ አገኘሁት። «ያሳዝናል» አለኝ። «ከሁሉም ጥሩ እጅ ያለው እሱ ነበር። መልሱ ግን የትክክለኛው ግልባጭ ነው። ኳስ የሚሄደው ፈሳሹ ወደሚሄድበት ነው፤ ምንም ወደማይጠጣ ቀዳዳ ማን ይወስደዋል?» ይህን ብሎ ስልክ ተጠርቶ ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የእንግሊዝኛ ደብተር ከፈትኩ። ብዙ የሚጠጡትን፣ ይላል። ከሥሩ ሥዕልም ነበረው፤ ሀዋሳ ሥዕሉን አላየሁትም፣ ወይ አይቼ ጸሐፊውን አርሜዋለሁ። ፈሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ኬሚስትሪ ቀርቶ ባኞ ቤት ማጠብ ይበቃል። የኢንጂነሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ጋራዡ የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። ጋሽ ታደሰ አንድ ካርቡሬተር ፈትቶ ቤንዚን ውስጥ እየነከረ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብተሩን ማጣመሜን፣ መልሱን መገልበጤን፣ ሊጠቅመው ብዬ ማድረጌን። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ስትገለብጠው። አሥራ ሰባት ስትል ሰማሁ። እንግሊዝኛ መናገር ያቅተኛል እንጂ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ መስማት አያቅተኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ከኋላዬ ሰባት ሰው ነበር» አለ። «እዚያ ቆሜ አስተርጓሚው ዋሸ ብል፣ ኢንጂነሩ ያንተን አፍ ሁለተኛ ያምናል? ፈተናው ይቆማል፣ የቀረው ሰው ሁሉ ቦታውን ያጣል። ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ከየት ያመጣል? እነሱም ልጆች አሏቸው።»

አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ ብዬ ስነሣ ክንዴን ያዘኝ፤ ከሰባቱም ቀን በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው ድምፁ ሲጠነክር የሰማሁት።

«አሁን አይሆንም፣ መምህር። ስምንቱ ከምሳ በኋላ ወደ ሜሩ ይሳፈራሉ። መኪናው ላይ ይውጡ። ከዚያ የፈለግከውን ንገረው።»

ያን ቀን ያሳለፍኩትን አራት ሰዓት ለጠላቴም አልመኝ። ስምንቱ ወረቀታቸውን ይዘው፣ እኔን እያቀፉ፣ ምዋሊሙ አንተ ነህ ያሳለፍከን እያሉ ተሳፈሩ። አቧራው ሲረግብ ኢንጂነሩ ዘንድ ገባሁና አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

የአማርኛውን ደብተር ሳበ። «ሌላ ስንት ቦታ አርመሃል?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው። ስተረጉም ያልገባኝን ሁሉ ስህተት እያልኩ አልፌዋለሁ፤ የትኛው የማን ስህተት እንደሆነ መለየት አልችልም። ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አድርገን እስከ ምሽት ተቀመጥን፤ ሌላ ሁለት አገኘን። ስምንቱን ቁፋሮው ቦታ ድረስ ሄዶ ራሱ እንደገና እንደሚያስተምር ነገረኝ። እኔን ሁለተኛ እንደማይጠራኝም ነገረኝ፤ በለስላሳ ድምፁ።

ከዚያ ጋሽ ታደሰን አስጠራና ያችኑ ጥያቄ በስዋሂሊ ጠየቀው። ጋሽ ታደሰ በተሰባበረ ስዋሂሊና በእጁ መለሰ፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ገልብጦ፣ በክንዱ በሬ እየከለከለ። ስለ በሬው ኢንጂነሩ መልሶ መላልሶ ጠየቀው። መጨረሻ ላይ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ።

«ስምንት ቦታ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሥራ አልሰጠሁህም» አለው። «ተጠባባቂ ብዬ ግን ለምርመራ ልልክህ እችላለሁ።» ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀለሙ እስኪደርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቆመ።

ስምንተኛው ቀን

ከብት የጫነ መኪና ጠዋት ወደ ደቡብ ይሄዳል። ሰው የሚቀመጠው ከላይ፣ ብረቶቹ ላይ ነው። ቃባሌ ማንዳዚ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችው፤ የሚጣፍጥ የተጠበሰ ሊጥ ነው። ለእኔም ቋጠረችልኝ፤ ከሁለት ቀን በፊት የባሏን ስም ያጠፋሁባት እኔ። ይቅርታ ስላት «ሀያ፣ እሺ፣ በመንገድ ብላው» አለችና ወደ ሱቋ ገባች። ይቅር ብላኝ ይሁን ተቆጥታኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

የትምህርት ቤታችንን ስልክ ቁጥር በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። ጋሽ ታደሰ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከላይ ወጣ፤ መኪናው ሲነሣ ብረቱን የያዘው በአንድ እጁ ነው፣ ሌላኛው ኪሱ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ኬላ ላይ ምን እንደሚሉት ሳላውቅ ድንበሩን ተሻግሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እስከ ሀዋሳ አንድም ጎማ አልፈነዳም፤ እኔ ግን እያንዳንዱ የእኛ ኬላ ላይ መኪናው ሲቆም መታወቂያዬን ሳይጠይቁኝ አወጣ ነበር።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ከሩቅ አገር ስልክ አለህ ብለው ከቢሮ ጠሩኝ። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፤ አማርኛዋ ከአባቷ አፍ የተለቀመ እንጂ የተማረችው አይደለም።

«ሀሎ፣ ምዋሊሙ ነህ? እኔ ሣራ ነኝ፣ የታደሰ ልጅ። በነርሷ ስልክ ነው የምደውለው።»

«አባትሽ ደረሰ?»

«ባባ እዚህ ነው። አልጋዬ አጠገብ። አራት ቦታ አውርደውት ነበር፣ ወረቀቱን ሲያዩ መልሰው አሳፈሩት።»

አቅርቢልኝ፣ ላናግረው አልኳት።

«ተኝቷል» አለች። «ወንበር ላይ ነው የተኛው። ከመጣ ጀምሮ ጫማውን አላወለቀም። ነርሷ ወረቀቱን ላስቀምጥልህ ብትለው እጁን አልፈታም፤ ይዞት ነው የተኛው፣ ቁጥርህን ያነበብኩት ከጀርባው ነው።» ከዚያ «ልቀስቅሰው?» አለችኝ።

«ተዪው» አልኳት። «ይተኛ።»